ከአብዮቱ በፊት የተቀዳውን የኢራን ሙዚቃ ሐዋሳ ቁጭ ብሎ ፈልጎ ማግኘት

የኢራን ስም ሲነሳ ብዙዎቻችን ቀድሞ የሚመጣልን ፖለቲካው ነው። ሙዚቃውን የሚጠይቅ ብርቅ ነው። ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ቴህራን ውስጥ የተቀዳው ሙዚቃ፣ ጊታሩ የሚያጉረመርምበት፣ ቤዙ የሚያስደንስበት፣ ከኋላ ደግሞ ቫዮሊኖቹ የሚያለቅሱበት ሙዚቃ፣ ለኛ ጆሮ ባዕድ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ እነ አምሃ እሸቴ ሸክላ ሲያሳትሙ እዚያም ወጣቶች ሶልና ሮክን ከአገራቸው ዜማ ጋር እያዋሀዱ ነበር። ሙዚቃውን ፈልጎ ለማግኘት ስልክና ደህና ጆሮ ማዳመጫ ካላችሁ በቂ ነው።

መጀመሪያ ሙዚቃው ምን እንደደረሰበት እንወቅ፣ ፍለጋውን ያቀለዋል። እስላማዊ አብዮቱ ያሸነፈው በየካቲት 1971 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1979 መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ፖፕ ሙዚቃ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ጠፋ። የምሽት ክለቦች ተዘጉ። ሴት ልጅ ወንዶች ባሉበት ብቻዋን መዝፈን ተከለከለች። ብዙዎቹ ዘፋኞች ሎስ አንጀለስ ገቡ። የዘመኑ ትልቋ ኮከብ ጉጉሽ ግን አገሯ ቀረች፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥታ እንደገና መድረክ ላይ እስክትቆም ድረስ ሃያ ዓመት ያህል በአደባባይ አልዘፈነችም። ሃያ ዓመት! የቀሩት ሸክላዎችና ካሴቶች ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ኖሩ። ስለዚህ የምትፈልጉት ነገር አንድ ቦታ ተሰብስቦ አይጠብቃችሁም።

በሦስት ሰዎች ጀምሩ። አንዷ ጉጉሽ ናት። ሁለተኛው ኩሮሽ ያግማኢ ነው፤ በልጅነቱ ሳንቱር የሚባለውን፣ በትናንሽ ዱላ የሚመታውን ባለብዙ ክር መሣሪያ ተምሮ በኋላ ወደ ጊታር የዞረ ሰው። «ጎሌ ያኽ» የሚለውን ስሙለት፣ ትዝታ የለመደ ሰው ሐዘኑን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ሦስተኛው ፋርሃድ መህራድ ነው። ብላክ ካትስ ከሚባል ባንድ ጋር የእንግሊዝኛ ዘፈን ሲጫወት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ለፊልም የተሠራውን «ጆምኤ» የሚለውን ዘፈን ተጫወተ። ድምፁ ከባድ ነው፤ ቸኩላችሁ አትለፉት።

አሁን ወደ ፍለጋው። ስማቸውን በላቲን ፊደል ብቻ ከጻፋችሁ ብዙ ነገር ያመልጣችኋል፣ ምክንያቱም የአንዱን ሰው ስም ሁሉም በየፊናው ነው የሚጽፈው። መላው ቀላል ነው። ዊኪፔዲያ ላይ የዘፋኙን ገጽ ክፈቱ፣ ስሙ በፋርስ ፊደል የተጻፈበትን ኮፒ አድርጉ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። ቴሌግራምን አትናቁት። ኢራናውያንም እንደኛው ቴሌግራም ይወዳሉ፤ አባቶቻቸው የሰሙትን ሸክላ ከነሽፋኑ ፎቶ የሚለጥፉ ቻናሎች ታገኛላችሁ።

ዓመተ ምሕረቱ ሊያደናግራችሁ ይችላል። ኢራናውያን እንደኛ የራሳቸው አቆጣጠር አላቸው። ሽፋኑ ላይ 1350 ካያችሁ 621 ደምሩበት፣ በፈረንጆቹ 1971 ይመጣላችኋል፤ አዲስ ዓመታቸው መጋቢት ውስጥ ስለሚገባ የመጨረሻዎቹ ወሮች ወደሚቀጥለው የፈረንጅ ዓመት ይሻገራሉ። አብዮቱ የሆነው በእነሱ አቆጣጠር በ1357 ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ የተጻፈው፣ የምትሰሙት የዚያን ዘመን ቅጂ ላይሆን ይችላል።

ይህ ዋና ነገር ነው፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሎስ አንጀለስ የገቡት ዘፋኞች የድሮ ዘፈናቸውን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በኪቦርድና በከበሮ ማሽን እንደገና ቀድተውታል። ዘፋኙ ያው፣ ዘፈኑ ያው፣ ሙዚቃው ግን ሌላ። ከበሮውን ስሙት፦ ሰው የሚመታው ከበሮ ትንሽ ይፈጥናል፣ ትንሽ ይዘገያል፣ ይተነፍሳል። እኛም ዘንድ ባንድ ቀርቶ ኪቦርድ ሲነግሥ የሆነውን ስለምታውቁ ለመለየት አትቸገሩም።

የስብስብ አልበሞችስ? በር ለመክፈት ጥሩ ናቸው። ፋይንደርስ ኪፐርስ የተባለው የእንግሊዝ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2009 «ፖምግራኔትስ» የሚል አውጥቷል። ናው አጌን የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ደግሞ በ2011 የኩሮሽን የድሮ ሥራዎች ሰብስቦ አሳትሟል። ግን እዚያ ላይ አትቁሙ። የውጭ ሰብሳቢ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ለራሱ ጆሮ የሚጥመውን፣ ጊታሩ የሚጮኸውንና ፋንክ ፋንክ የሚለውን ነው። ኢራናውያን ራሳቸው ሲያለቅሱበት የኖሩት ቀስ ያለ ዘፈን ይቀራል። ሌላም ነገር አለ። ኢራን «በርን» የተባለው ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ስምምነት አባል አይደለችም፤ በዚህ ሰበብ ባለቤቱ ሳይጠየቅ የታተመ ብዙ ነው። ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ አርቲስቱ ወይም ቤተሰቡ የተስማማበትን ፈልጉ።

እኔ ከሁሉም በላይ የምመክረው ዘዴ ግን ሌላ ነው፦ ዘፋኙን ትታችሁ በትንሽ ፊደል የተጻፉትን ሰዎች ተከተሉ። ሽፋኑ ላይ ወይም ከቪዲዮው ሥር ብዙ ጊዜ ሦስት ስም አለ፤ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር። ያ ድምፅ የተሠራው በእነሱ እጅ ነው። «ጆምኤን» ያዙ፦ ግጥሙ የሻህያር ጋንባሪ፣ ዜማው የኤስፋንዲያር ሞንፋሬድዛዴህ። በእነዚህ ሁለት ስሞች ብቻ ብትፈልጉ ሰምታችሁ የማታውቋቸው ዘፋኞች ይመጡላችኋል። ከአቀናባሪዎቹ ደግሞ ቫሩዣንን አጥብቃችሁ ያዙ። የአርመን ዘር ያለው ኢራናዊ ነው፣ አብዮቱ ሳይደርስ እ.ኤ.አ. በ1977 ሞተ። ለጉጉሽም ለሌሎቹም ያቀናበረውን ስትሰሙ ቫዮሊኑና ቤዙ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ይሰማችኋል። እዚህ አገር ዘመናዊ ሙዚቃን ካቆሙት መካከል አርመናዊው ነርሲስ ናልባንዲያን እንደነበሩ ሳስታውስ ነገሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ስታዳምጡ የእኛን ቅኝት አትፈልጉበት፣ የለም። የነሱ ባህላዊ ዜማ በፒያኖ ቁልፎች መሀል የሚወድቁ ድምፆች አሉት፤ መጀመሪያ ከቅኝት የወጣ ይመስላችሁ ይሆናል፣ ታገሱት። ምቱ ግን ቶሎ ይገባችኋል። የዳንስ ዘፈናቸው አብዛኛው 6/8 ነው፣ ችክችካ የለመደ ትከሻ ሳይታዘዝ ይነሳል። ሐዋሳ ውስጥ ሰርግ ላይ ኪቦርድ ወይም ቤዝ የሚጫወት ጓደኛ ካላችሁ አብራችሁ ስሙ፣ ቤዙ ምን እየሠራ እንደሆነ ከማንም በላይ እሱ ያሳያችኋል።

ወደ ገጠሩ ሙዚቃ ስትገቡ ሲማ ቢናን ፈልጉ፤ የኾራሳን ልጅ ናት፣ የመንደር ዘፈኖችን እየዞረች የሰበሰበች። ፍቼ ጫምባላላ ሲደርስ ቄጣላ እየሰማ ያደገ ሰው ዘፈን ከመንደር ሲመጣ ምን ዓይነት ኃይል እንዳለው ያውቃል። ከዚያ ወደ ደቡብ ውረዱ፣ ቡሼህርና ሆርሞዝጋን፣ የባሕሩ ዳር። ከፍየል ቆዳ የተሠራ፣ እየተነፋ የሚጫወት ኔይ አንባን የሚባል መሣሪያ አላቸው፤ ባንዳሪ የሚባለው ፈጣን ዳንስም የዚያ አገር ነው። እዚያ ዛርም አለ። አዎ፣ ዛር፤ በከበሮና በዜማ የሚካሄድ፣ ባባ ዛር ወይም ማማ ዛር የሚመራው። በባሕር ከተሻገሩ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች ጋር እንደደረሰ ብዙ አጥኚዎች ይናገራሉ። እኔ ከዚህ ሁሉ ሙዚቃ ልቤን የያዘው ይሄኛው ነው፤ በደንብ ፈልጉት፣ ጊዜ ስጡት።

ግጥምና ባህላዊ ሙዚቃ ለሚወድ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1979 በኢራን ሬዲዮ የተላለፈው «ጎልሃ» የሚባል ፕሮግራም ተሰብስቦ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል።

ዳታውን በተመለከተ፣ ቀን ቀን ፈልጋችሁ ሊንኩን ብቻ ሴቭ አድርጉ፣ ማውረዱን ለሌሊት ጥቅል ተዉት። በስልክ ስፒከር አትስሙ፣ ቤዙ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ያወረዳችሁትን ፋይል ደግሞ ያኔውኑ ስም ስጡት፦ ዘፋኝ፣ ገጣሚ፣ ዜማ ደራሲ፣ አቀናባሪ፣ ዓመት። ለጓደኛ በፍላሽ ስትሰጡም ከነስማቸው ስጡ፤ እሱም ፍለጋውን ከዚያው ይቀጥላል።