የወፍ ጉንፋን ባለበት ወቅት የሞተ የዱር ወፍ ሲያጋጥምዎ

መጀመሪያ እጅዎን ይሰብስቡ። ቫይረሱ በወፏ ምራቅ፣ ኩስና ላባ ላይ ይገኛል፤ ቀዝቃዛና እርጥብ ቦታ ከሆነ ከሞተች በኋላም ለቀናት ሳይሞት ይቆያል። ልጆችንና ውሻን ያርቁ። ድመትን ደግሞ በተለይ ይጠብቁ፤ የታመመ ወፍ በልተው የሞቱ ድመቶች አሉ።

ሳይነኩ ከራቅ ብለው ፎቶ ያንሱ። ጭንቅላቷ፣ ክንፏና እግሯ በደንብ ይታዩ። እግሯ ላይ ቀለበት ካለ ሳይጠጉ በካሜራው አጉልተው ቁጥሩን ያንሱ እንጂ ቀለበቱን አይፍቱ።

ከዚያ ሳይውል ሳያድር ለአካባቢው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይደውሉ፤ ሬሳው ከበሰበሰ ናሙናው ለምርመራ አይሆንም። «ወፎች እየሞቱ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም። ዓይነታቸውን፣ ብዛታቸውን፣ ያዩበትን ቀንና ከስልክዎ ካርታ ላይ የወሰዱትን ትክክለኛ ቦታ ይንገሩ። በአካባቢው አንገቷ የተጣመመ፣ የምትሽከረከር ወይም መብረር ያቃታት ወፍ ካለች ይህንንም ይጨምሩ። መስኮት ገጭታ የሞተች አንዲት ድንቢጥ ብዙም አታሳስብም። ዳክዬ፣ ዝይ፣ ጭልፊት ወይም ጥንብ አንሳ ከሆነ ግን አንድም ብትሆን ማሳወቁ ይሻላል።

ራስዎ እንዲያስወግዱ ከተነገረዎ ጓንት፣ ማስክና የዓይን መከላከያ ያድርጉ። የላስቲክ ከረጢት (ፌስታል) ገልብጠው እንደ ጓንት እጅዎ ላይ ያጥልቁት፣ ወፏን በእሱ ያንሱና ላስቲኩን መልሰው ይገልብጡት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፦ ላስቲኩን ጨምቆ አየሩን ያስወጣል። የተበከለው አየርና ብናኝ ፊቱ ላይ ይመጣበታል። ሳይጨምቁ ይቋጩት፣ በሁለተኛ ላስቲክ ይድገሙት፣ ከዚያም ባለሙያው በነገረዎ መንገድ ያስወግዱት። ጓንት ባደረገ እጅ ስልክ አይንኩ።

አካፋና ጫማ በቅድሚያ በሳሙናና በውሃ ይታጠቡ፤ ኩስና ጭቃ የበረኪናን ኃይል ያዳክማሉ። ከዚያ 1 እጅ በረኪና (5 በመቶ የሆነውን) ከ9 እጅ ውሃ ጋር በጥብጠው 10 ደቂቃ ያቆዩበት። ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉት፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ጓንቱን ገልብጠው አውልቀው ከጣሉ በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ዶሮ የሚያረቡ ከሆነ ጫማና ልብስ ሳይቀይሩ ወደ ዶሮ ቤት አይግቡ። በ10 ቀን ውስጥ ትኩሳት፣ ሳል ወይም የዓይን መቅላት ካየብዎ፣ የሞተ ወፍ መንካትዎን ወደ ጤና ተቋሙ ሳይሄዱ በፊት በስልክ ይንገሩ።