ሁለተኛው ገጽ በነፃ አይመጣም፦ ባለ ሁለት ገጽ ሰርኪት ቦርድ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የሚነካኩ ልጆች ቦርዳቸውን ይዘውልኝ ሲመጡ፣ ገና ሳልነካው ችግሩን መገመት ጀምሬያለሁ። መዳቡ በአንድ ፊት ብቻ ካለው ቦርድ በሁለቱም ፊት ወዳለው የተሸጋገረ ሰው አንድ ዓይነት በሽታ ይይዘዋል። መስመሩ መንገድ ሲያጣ ወደ ላይኛው ገጽ ያወጣዋል። እዚያም ሲጨንቀው ይመልሰዋል። ኮምፒውተሩ ላይ ሲታይ ያምራል። መከራው የሚጀምረው ሶልደር ሲደረግ ነው።

የምጽፈው የታተመውን ምስል በልብስ ካውያ መዳቡ ላይ ተኩሶ፣ ትርፉን መዳብ በፌሪክ ክሎራይድ አስበልቶ ቤቱ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ነው። ፋብሪካ የምታሠሩ የመጀመሪያውን ዝለሉት፤ ሌላው ግን በአብዛኛው እናንተንም ይመለከታል።

ቀዳዳ ሁሉ ሁለቱን ገጽ ያገናኛል ብሎ ማመን

ያሰለቸኝ ይሄ ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ።

ፋብሪካ የሠራው ቦርድ ቀዳዳው ውስጥ መዳብ ተለብጧል። እኛ ቤት የበሳነው ቀዳዳ ግን ውስጡ ባዶ ፋይበር ነው። ኤሌክትሪክ ከላይ ወደ ታች የሚወርድበት ምንም ነገር የለም። ቦርዱን የምንነድፍበት ሶፍትዌር፣ ኪካድ፣ ይህን አያውቅም፤ ለፋብሪካ ነው የሚያስበው። ፓድ (በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን የመዳብ ቀለበት) ባየ ቁጥር ላይና ታቹ ተገናኝቷል ብሎ ይደመድማል፣ የስህተት መፈተሻውም ሁሉም ሰላም ነው ብሎ ያልፋችኋል።

ከዚያ ልጁ ይመጣል። «ጋሼ፣ ሁሉንም ሶልደር አድርጌያለሁ፣ ግን አይሠራም።» ከላይስ? ስለው፣ «ከላይ ደግሞ ምን?» ይለኛል። መስመሩ ከላይ መጥቶ የአይሲ ሶኬቱ (ቺፑ የሚሰካበት ፕላስቲክ) ሥር ይገባል። የሶኬቱ ፕላስቲክ ቦርዱ ላይ ተለጥፏል፤ የሶልደሪንግ ጫፍ ይቅርና መርፌም አይገባም። ቴስተሩን አንዱን ጫፍ ላይኛው መስመር ላይ፣ ሌላውን ታችኛው እግር ላይ አደርጋለሁ፤ ቢገናኝ መጮህ ነበረበት። ዝም ይላል። ልጁም ዝም ይላል።

ስለዚህ መስመር ከመሳባችሁ በፊት ዕቃዎቻችሁን ለዩ። ሶኬት፣ ሪሌይ፣ የሽቦ ማሰሪያ ተርሚናልና ቆሞ የሚቀመጥ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ፓዳቸውን ከላይ ይሸፍናሉ፤ መስመራቸው በታችኛው ገጽ ብቻ ይውጣ። ተጋድመው የሚቀመጡት ሪዚስተርና ዳዮድ ግን እግራቸው ከላይም ከታችም ሶልደር ይደረጋል። እነዚህ ጥሩ መሻገሪያ ናቸው፣ ተጠቀሙባቸው። ላይኛው መስመር የግድ ወደ አይሲ መድረስ ካለበት፣ ከሶኬቱ ወጣ ብሎ በቪያ (ሁለቱን ገጽ ለማገናኘት ብቻ በሚበሳ ቀዳዳ) ይውረድና በታች ይግባ።

ቪያውም ሌላ ጣጣ አለው። ሶፍትዌሩ በራሱ የሚሰጣችሁ ቪያ የፓዱ ስፋት ከዳር እስከ ዳር ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። እናንተ ደግሞ በእጃችሁ ያለው መሰርሰሪያ 0.8 ነው። ስትበሱት የመዳቡ ቀለበት እንዳለ ይጠፋል። የቪያውን ፓድ 2 ሚሊ ሜትር አድርጉት። ከሪዚስተር የተረፈ የተቆረጠ እግር አስገቡበት፣ ሁለቱንም በኩል ሶልደር አድርጉ፣ ትርፉን ቁረጡ። አይሲ ሥር ቪያ አታስቀምጡ። ቪያው ሲበዛባችሁ መስመር መሳቡን አቁሙና የዕቃዎቹን አቀማመጥ ቀይሩ። ብዙ ጊዜ አንድ አይሲ ማዞር ብቻ ግማሹን ያጠፋዋል።

ግራውንዱን መቆራረጥ

የሁለተኛው ገጽ ትልቁ ጥቅም ሰፊ ግራውንድ (ኤሌክትሪኩ ወደ ምንጩ የሚመለስበት መዳብ) መስጠቱ ነው። ፋብሪካ የሚያሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ታችኛውን ግራውንድ ያደርጋል። ቤት ለሚሠራ ግን የተገላቢጦሹ ይሻላል፦ ሲግናሉ ታች፣ ግራውንዱ ላይ። ምክንያቱ ከላይ ያልኩት ነው፤ ሶኬቱን ሶልደር የምታደርጉት ከታች ነዋ። ላይኛው ግራውንድ ከሌሎች ፓዶች ቢያንስ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይራቅ፤ የላይና የታቹ ገጽ የታተመባቸው ሁለቱ ወረቀቶች መቼም ልክ በልክ አይገጥሙም።

አንድ የጫጩት ማሳደጊያ ሳጥን መቆጣጠሪያ አይቻለሁ። ሙቀቱን በኤልኤም35 ሴንሰር ይለካል፣ አምፖሉን በሪሌይ ያበራል። ሪሌዩ እንደ ተኩስ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል። ልጁ ኮዱን ደጋግሞ ጽፎታል። ጥፋቱ ግን ኮዱ ላይ አልነበረም። አንድ ረጅም መስመር ግራውንዱን ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቆት፣ ሴንሰሩና ሪሌዩ 0.3 ሚሊ ሜትር በሆነች አንድ ቀጭን ክር ነበር የሚመለሱት። ሒሳቡን አብረን ሠራነው። ክሯ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናት። በተለመደው 35 ማይክሮን መዳብ 0.16 ኦም ያህል ትሆናለች። የ5 ቮልት ሪሌይ ጥቅል 70 ሚሊ አምፔር ገደማ ይወስዳል። ሲባዛ 11 ሚሊ ቮልት ይመጣል። ኤልኤም35 ደግሞ ለአንድ ዲግሪ የሚሰጠው 10 ሚሊ ቮልት ነው። እና ሪሌዩ በበራ ቁጥር ሴንሰሩ ከአንድ ዲግሪ በላይ የሞቀ ይመስለዋል፣ አምፖሉ ይጠፋል፤ ሲጠፋ ደግሞ የቀዘቀዘ ይመስለዋል።

ሲግናል ግራውንዱን ማቋረጥ ካለበት አጭር ዝላይ ይሁን፤ ዘሎ ወዲያው ይመለስ። ሪሌይና ሞተር የራሳቸው ወፍራም መመለሻ ይኑራቸው። የአይሲውን ኃይል የምታረጋጋዋን 100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር ደግሞ አይሲው እግር ሥር አድርጓት። ቦርዱ ዳር ላይ ቦታ ስለተረፈ እዚያ የሚወረውራት ሰው ሞልቷል። እዚያ ሆና ምንም አትጠቅምም።

220ውን ከሌላው ጋር ማቀራረብ

ይሄ ቀልድ አይደለም። «ግራውንድ ሙላ» የሚለውን ስትጫኑ ሶፍትዌሩ ያገኘውን ክፍት ቦታ ሁሉ በመዳብ ይሞላል፣ የሪሌዩን የ220 እግሮች ዙሪያ ጭምር። በሁለቱም ገጽ የተከለለ ቦታ ሥሩ። እኔ በ220ውና በ5 ቮልቱ መካከል 8 ሚሊ ሜትር እተዋለሁ። ብዛቱ የሚገርመው ካለ አንድ ነገር ላስታውሰው። የአየር ክፍተት ሠንጠረዦች የተሠሩት እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ብልጭታ በቀላሉ ይዘላል፤ በ3,000 ሜትር ክፍተቱ በ1.14 ይባዛል። መንዝ ላይማ ከዚያም ይብሳል።

በተቃራኒው ደግሞ ለሸዋ ሮቢት መስኖ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ሠርታችሁ እዚህ ብርድ ውስጥ ብቻ አትሞክሩት። 12 ቮልቱን በ7805 ወደ 5 አውርዳችሁ 300 ሚሊ አምፔር ከወሰዳችሁበት ከ2 ዋት ትንሽ የሚበልጥ ሙቀት ነው። እዚህ ለብ ያለው እዚያ ይፈጃል። ሥሩ ሰፋ ያለ መዳብ ተዉለት፣ ማቀዝቀዣ ብረትም ጨምሩለት።

ሌሎቹ

ሌዘር ፕሪንተር ያተመውን በካውያ ስትተኩሱ ምስሉ ይገለበጣል። ታችኛው ገጽ እንዳለ ይታተማል፣ ላይኛው ተገልብጦ። ይህን ለማስታወስ አትጨነቁ፤ በየገጹ አንድ ጽሑፍ አድርጉ። ወረቀቱ ላይ የሁለቱም ጽሑፍ ተገልብጦ ካልታየ አትተኩሱት።

ፎቶ ኮፒ ቤት የሚያትሙልን ልጆች «ከገጹ ጋር አስተካክል» የምትለውን ነገር ይወዷታል። ቦርዱ በትንሹ ይጠብና የ28 እግር አይሲ አልገባ ይላል። መጀመሪያ ተራ ወረቀት ላይ አሳትሙ፣ በማስመሪያ ለኩ፣ ዕቃዎቹን ወረቀቱ ላይ ሰክታችሁ እዩ።

ትራንዚስተር ስትመርጡ ቅርጹን አትመኑ። ጠፍጣፋው ፊቱ ወደ እናንተ ሲሆን ቢሲ547 ከግራ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኢሚተር ነው። ፒኤን2222 ኢሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር ነው። መልካቸው መንትያ ነው።

የሪሌይ ጥቅል ላይ ዳዮድ ይደረጋል። አለቀ።

ፌሪክ ክሎራይዱን በጥቅምትና በኅዳር ብርድ እንዳለ አትጠቀሙ። ቀዝቃዛው ሲዘገይ፣ ትርፉ መዳብ ተበልቶ ሳያልቅ ቀጫጭኑ መስመር በጎን መቦርቦር ይጀምራል። የፕላስቲክ ሳህኑን ሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጡትና ወደ 40 ዲግሪ አድርሱት። ባለ ሁለት ገጽ ስለሆነ ቦርዱ ሳህኑ ላይ ተኝቶ እንዳይቀር በአራት ማዕዘኑ የክብሪት እንጨት አስገቡለት፣ በየጊዜው ገልብጡት። ሲያልቅ ማጠቢያው ውስጥ አትድፉት፤ ቧንቧውን ይበላዋል።