ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፦ አሜሪካ ለገቡ እህቶች ልክ የሆነ ጡት ማስያዣ ስለመግዛት

አዲስ አበባ ላይ ጡት ማስያዣ ሲገዛ ብዙውን ጊዜ ሻጩ በዓይኑ ይለካል። «ላንቺ 36 ነው» ይላል፤ ከልብስ በላይ ደረት ላይ ተደርጎ ይታያል፤ ዋጋ ይቆረጥና በፌስታል ይገባል። የሚሞከረው ቤት ነው። ካልሆነ ለእህት ወይም ለጎረቤት ይሰጣል። ስለዚህ እዚህ የደረሰች ሴት ቁጥሯን ስትጠየቅ «36» ወይም «38» ትላለች፣ ፊደሉን ግን አታውቀውም። ከዚያ ሱቅ ስትገባ 36ኤ፣ 36ቢ፣ 36ሲ፣ 36ዲ፣ 36ደብል ዲ ጎን ለጎን ተሰቅለው ታገኛለች። አምስቱም 36 ናቸው፣ አምስቱም ግን ለተለያየች ሴት የተሠሩ ናቸው።

ቁጥሩ የሚናገረው ከጡት ሥር ዞሮ ጀርባ ላይ ስለሚቆለፈው ቀበቶ ነው፤ እዚህ «ባንድ» ይሉታል። ፊደሉ ደግሞ ጡት ስለሚገባበት ክፍል፣ «ካፕ» ስለሚባለው ነው። ፊደሉ ብቻውን ትርጉም የለውም። «ዲ» ማለት «ትልቅ ጡት» ማለት አይደለም፤ የጡቱ ዙሪያ ከቀበቶው በ4 ኢንች ይበልጣል ማለት ነው። የ32ዲ ካፕ ከ38ዲ ካፕ በጣም ያንሳል። ቀጭን ሆና ዲ የሚሆናት ሴት ብዙ ናት። ፊደሉን ሰምታ አፍራ ወደ ቢ የምትመለስ ሴት ለዓመታት የማይሆናትን ትለብሳለች።

ክብደቱን መሸከም ያለበት ቀበቶው ነው። የትከሻ ማንገቻው ሥራ ካፑን ወደ ሰውነት አስጠግቶ መያዝ ብቻ ነው። ቀበቶው ሲሰፋ ሸክሙ ሁሉ ወደ ትከሻ ይሄዳል፤ ትከሻ ላይ ጎድጓዳ ምልክት ይወጣል፣ አንገትና የላይኛው ጀርባ ይታመማል። አዲስ የገቡ እህቶች በብዛት የሚሰማሩበት ሥራ ማለትም አረጋውያንን መንከባከብ፣ የሆቴል ክፍል ማጽዳት፣ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሳት ቀኑን ሙሉ ማጎንበስና መዘርጋት ይጠይቃል። ማንገቻ እየጎተቱ 10 ሰዓት መሥራት ከባድ ነው፤ ድካም የመሰለው ነገር አንዳንዴ የልብሱ ጥፋት ነው።

ለመለካት የልብስ ሰፊ ሜትር ያስፈልጋል፤ ዋልማርት የስፌት ዕቃ ባለበት በኩል ይገኛል። አንዱ ጎኑ ኢንች፣ ሌላው ሴንቲሜትር ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ኢንቹን ተጠቀሚ። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲሜትር ነው። የወር አበባ ሊመጣ ሲል ጡት ስለሚያብጥ ያን ሰሞን አትለኪ። ስፖንጅ የሌለው ስስ ጡት ማስያዣ ልበሺ፣ ወይም ያለምንም ለኪ።

መጀመሪያ ከጡት ሥር፦ ሜትሩን ልክ ጡት የሚያበቃበት እጥፋት ላይ አዙሪው፣ ትንፋሽሽን አውጪና ጠበቅ አድርጊው። ከኋላ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እንዳይንሸራተት በመስታወት እዪ፤ ልኬቱ የሚሳሳተው በአብዛኛው እዚያ ላይ ነው። ቀጥሎ የጡቱ ዙሪያ፦ በጫፉ ላይ አሳልፈሽ፣ ሳታጠብቂ፣ ቆመሽ ለኪ። ከዚያ ጀርባሽ እንደ ጠረጴዛ ዝርግ እስኪሆን ጎንበስ ብለሽ ድገሚው። ሁለቱን ደምረሽ ለሁለት አካፍዪ። ካጠባች በኋላ የወረደ ጡት ቆሞ ሲለካ ከእውነቱ ያነሰ ያሳያል፤ ጎንበስ የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ። የጡቱን ዙሪያ ከቀበቶው ቁጥር ጋር አነጻጽሪ፦ 1 ኢንች ብልጫ ኤ፣ 2 ቢ፣ 3 ሲ፣ 4 ዲ፣ 5 ደብል ዲ። ከዚያ በላይ ትሪፕል ዲ ወይም ኤፍ፣ ቀጥሎ ጂ እያለ ይሄዳል። ችግሩ የቀበቶው ቁጥር ራሱ በሁለት መንገድ መሰላቱ ነው። አንዳንዱ ከጡት ሥር ያለውን ልክ እንዳለ ወስዶ ወደሚቀጥለው ለሁለት እኩል የሚካፈል ቁጥር ያስጠጋል። ሌላው ደግሞ በድሮው ልማድ 4 ወይም 5 ኢንች ይጨምርበታል። ከሥር 31፣ ከላይ 37 ኢንች የሆነችን ሴት እንውሰድ። በመጀመሪያው መንገድ ቀበቶዋ 32፣ ልዩነቱ 5፣ ስለዚህ 32ደብል ዲ ናት። በሁለተኛው 31 ሲደመር 5፣ 36 ይሆናል፤ ልዩነቱ 1 ነው፣ ስለዚህ 36ኤ ተባለች። አንዲት ሴት፣ ያው አካል፣ ሁለት የማይገናኝ ቁጥር!

የሚያዋጣው ስሌቱን እንደ መነሻ መያዝና በሰውነት መፈተሽ ነው። ለዚህች ሴት 32ደብል ዲ፣ 34ዲ እና 34ሲ ይዛ ወደ መሞከሪያ ክፍል እንድትገባ እንመክራታለን። 36ኤን ትተወው፤ ካፑ በጣም ያንሳታል፣ ቀበቶውም ይወጣባታል።

እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚያድን አንድ ሕግ አለ። ቀበቶው በአንድ ደረጃ ሲቀንስ ፊደሉ በአንድ ይጨምራል፣ ቀበቶው ሲጨምር ፊደሉ ይቀንሳል፤ የካፑ መጠን ግን ያው ነው። 32ዲ፣ 34ሲ እና 36ቢ የሚይዙት እኩል ነው። ስለዚህ 34ሲ ካፑ ልክ ሆኖ ቀበቶው ከሰፋብሽ 32ሲ አትውሰጂ፣ ያንስሻል፤ 32ዲ ውሰጂ።

መሞከሪያ ክፍል ውስጥ መንጠቆውን መጨረሻው፣ ማለትም በጣም ሰፊው ረድፍ ላይ ቆልፊ። አብዛኛው ጡት ማስያዣ ሦስት ረድፍ አለው። ላስቲኩ በጊዜ ብዛት ስለሚላላ የቀሩት ሁለት ረድፎች ለነገ ናቸው። ገና ሲገዛ ጠባቡ ረድፍ ላይ ልክ የሆነ ከሁለት ወር በኋላ የሚቆለፍበት ቦታ አይኖረውም። ከቆለፍሽ በኋላ ጎንበስ በዪ፤ እጅሽን ካፑ ውስጥ አስገብተሽ በብብት በኩል ያለውን ሥጋ ሁሉ ወደ ፊት ሰብስበሽ አስገቢ። ይህን ሳያደርጉ መፈተሽ ዋጋ የለውም። ልክ የመሰለው ካፕ ሥጋው ሲሰበሰብ አንሶ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ነው፤ «ብብቴ ሥር ስብ አለኝ» ከሚሉትም አንዳንዶቹ ያለ ቦታው የተገፋ ጡት ነው ያላቸው።

ከዚያ ቀና በዪና በመስታወት እዪ። ቀበቶው ከፊትም ከኋላም እኩል ከፍታ ላይ መዞር አለበት፤ ከሥሩ ሁለት ጣት ይግባ፣ ከዚያ በላይ ከገባ ሰፍቷል። ጀርባ ላይ ወደ ላይ ከወጣ ሰፍቷል ማለት ነው። ብዙ ሴት ይህን ስታይ «ጠቦኝ ነው» ብላ የባሰ ሰፊ ትገዛለች፣ የተገላቢጦሽ። በሁለቱ ጡቶች መሃል ያለው ክፍል ሽቦ ባለው ላይ ደረት አጥንት ላይ ተለጥፎ መቀመጥ አለበት፤ ከተንሳፈፈ ካፑ አንሷል። ሽቦው በጡት እጥፋት ውስጥ፣ ጎኑ ደግሞ ከጡት ኋላ ይረፍ። ሥጋ ላይ ከወጣና ከወጋሽ ፊደል ጨምሪ። ከካፑ አፍ በላይ ጡት ተቆርጦ እንደ ሁለት ጉብታ ከታየ ካፑ ትንሽ ነው። ካፑ ከላይ ከተጨማደደ ደግሞ ትልቅ ነው ለማለት አትቸኩዪ፤ አስቀድመሽ ማንገቻውን አሳጥሪ፣ ሥጋውንም እንደገና ሰብስቢ።

ልጅ ያጠቡ እናቶች ላይ የካፑ የላይኛው ክፍል ባዶ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በቅርጽ እንጂ በመጠን አይደለም። ጡት ከላይ ሳስቶ ከሥር ሲሞላ፣ ቅርጹን አስቀድሞ የያዘ ደረቅ ስፖንጅ ከላይ ክፍት ይቀራል። ከላይ አጠር ብሎ የተቆረጠ ካፕ ወይም ስፌት ያለውና ስፖንጅ የሌለው ጨርቅ ይሻላል፤ ጨርቁ ጡቱን ይከተላል። አንዱ ጡት ከሌላው መብለጡም የተለመደ ነው፤ በትልቁ ለኪና በትንሹ በኩል ማንገቻውን አሳጥሪ።

ሳትወጪ እጅሽን ወደ ላይ አንሺ፣ ተቀመጪ፣ አልጋ እንደምታነጥፊ ጎንበስ በዪ። ሽቦው ከቦታው ከተነሳ ወይም ማንገቻው ከወረደ ሥራ ላይ የባሰ ይሆናል።

በባለሙያ መለካት ከፈለግሽ ኖርድስትረም፣ ሶማ እና ቪክቶሪያስ ሲክሬት ሱቆች ውስጥ ሠራተኞች በነጻ ይለካሉ፤ የመግዛት ግዴታ የለም። «ኩድ ዩ ሜዠር ሚ ፎር ኧ ብራ?» ማለት በቂ ነው። ሴት እንድትለካሽ መጠየቅ፣ ስስ ልብስ ለብሶ መለካት፣ ወይም «ብቻዬን ልሞክር» ብሎ በሩን መዝጋት ነውር አይደለም፤ ለምደውታል። የነገሩሽን ቁጥር ጻፊው፣ ከራስሽ ልኬት ጋር አስተያዪው። በጣም ከተራራቀ ከላይ ያየነው የስሌት ልዩነት ይሆናል።

እዚያ ተለክቶ ሌላ ቦታ መግዛት ይቻላል። ሮስ፣ ማርሻልስ፣ ቲጄ ማክስና በርሊንግተን የታወቁ ስሞችን በርካሽ ይሸጣሉ። ነገር ግን ዕቃው ስለሚደባለቅ መስቀያው ላይ ያለውን የቁጥር ምልክት አትመኚ፤ ውስጥ የተሰፋውን ጨርቅ አንብቢ። ከየድርጅቱ የሚወጣው ልክ አንድ ስላልሆነ በአንዱ 34ዲ የሆንሽ በሌላው ሌላ ልትሆኚ ትችያለሽ። ደረሰኙን ያዢ፣ የዋጋ ካርቶኑን ቤት ሞክረሽ እስክትጨርሺ አትቁረጪ፤ «ፋይናል ሴል» የሚል ከሆነ አይመለስም። በአብዛኛው ስቴት መደርደሪያው ላይ የተጻፈው ዋጋ ታክስ የለበትም፤ ለምሳሌ ሜሪላንድ ውስጥ 6 በመቶ ካሸሩ ጋ ይጨመራል።

ቀለሙ ላይ አንድ ነገር ልብ በዪ። ከነጭ የሐበሻ ቀሚስ ሥር ነጭ ጡት ማስያዣ ጎልቶ ይታያል፤ ሸማው ስስ ነውና። የማይታየው ከቆዳሽ ቀለም ጋር የሚቀራረበው ነው። እዚህ ለጠቆረ ቆዳም ቡናማው በየደረጃው ስላለ ክንድሽ ላይ አድርገሽ ምረጪ። ዳንቴል ያለው በስስ ጨርቅ ሥር ስለሚያሳብጥ ለበዓል ልብስ ልሙጡ ይሻላል።

መነሻው ላይ ሦስት ይበቃል፤ አንዱ ሲለበስ አንዱ ያርፋል፣ አንዱ ይታጠባል። ያው አንዱ በየቀኑ ከተለበሰ ላስቲኩ ለመመለስ ጊዜ አያገኝም። ላብ የሚበዛበት ሥራ ላይ ከሆንሽ ከጡት ሥር የሚያርፈው ጨርቅ ጥጥ ይሁን፤ ተፋፍጎ ከቀላ ቦታውን አድርቀሽ ያዢው፣ ካልለቀቀ ሐኪም ይየው። እጥበቱ በቀዝቃዛ ውኃና በእጅ ነው። በማሽን ግድ ከሆነ መንጠቆውን ቆልፈሽ መረብ ከረጢት ውስጥ ክተቺ። ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ግን ፈጽሞ አይግባ፤ ሙቀቱ ላስቲኩን ይጨርሰዋል። በማንገቻው ሳይሆን በመሃሉ አጥፈሽ አስጪው።

ነፍሰ ጡር ከሆንሽ የጎድን አጥንት ስለሚሰፋ ቀበቶውም ይጠባል። አዲስ ከመግዛትሽ በፊት በጥቂት ዶላር የሚገኘውን የመንጠቆ ማራዘሚያ ሞክሪ፤ የመንጠቆው ብዛት፣ ሁለት ወይም ሦስት፣ ከልብስሽ ጋር ይመሳሰል። የማጥቢያውን በስምንተኛው ወር አካባቢ አንድ ሁለት ብቻ ግዢ፤ ወተት ሲመጣ ካፑ ስለሚለወጥ የቀረውን ከዚያ በኋላ ጨምሪ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሽቦ የሌለውና የማያጣብቅ ይሁን፤ አንድ ቦታ ላይ ሲጫን ወተቱ ሊቋጥርና ጡቱ ሊያብጥ ይችላል።

ለእናትሽ ወይም ለእህትሽ ወደ አገር ቤት ስትልኪ «36 ነኝ» የሚለውን ይዘሽ አትግዢ። ሁለቱን ልኬት በሴንቲሜትር ለክተው ይላኩልሽና ለ2.54 አካፍዪ። ከቻይና የሚመጣው ላይ 36/80 ተብሎ ሁለቱም ስለሚጻፍ የሚለብሱትን ፎቶ ማስላክም ይረዳል። አውሮፓ ያሉ ዘመዶች የሚልኩልሽ ደግሞ እንዲህ ይነበባል፦ የጀርመንና የስዊድን 70 የዚህ አገር 32 ነው፣ 75ቱ 34፣ 80ው 36። ፈረንሳይ በዚያ ላይ 15 ትጨምራለች፣ ስለዚህ የእሷ 90 የዚህ 34 ነው። ጣሊያን 3 ካለ ያው 34 ማለት ነው። የእንግሊዝ ቀበቶ ከዚህ ጋር አንድ ነው፤ ፊደሉ ግን ከደብል ዲ በኋላ ይለያያል፣ እነሱ ኢ የሚሉትን እዚህ ትሪፕል ዲ ይሉታል።