በሰው ስለመነገድ የምታጠኑ፣ ከዚህ ጀምሩ

ጅማ ላይ የሕግ ተማሪዎችን ሳማክር ደጋግሜ የምለው ነገር አለ፦ ከዜና አትጀምሩ፣ ከነጋሪት ጋዜጣ ጀምሩ።

መጀመሪያ ሕገ መንግሥቱን ክፈቱ። አንቀጽ 18 ለማንኛውም ዓላማ በሰው መነገድን ይከለክላል። ቀጥሎ በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 አለ። እሱን ከመጨረሻው ገጽ ጀምሩት፤ የተሻሩ ሕጎች የሚገኙት እዚያ ነው። በዚሁ ጉዳይ የነበረው የቀድሞው አዋጅ ቁጥር 909/2007 መሻሩን ሳያይ ምዕራፍ ሙሉ የሚጽፍ ተማሪ አለ። ልፋቱ ያሳዝነኛል።

ከዚያ ወንጀሉን የሚደነግገው አንቀጽ ላይ ቁጭ በሉ። እርሳስ ያዙና ሦስት ነገር አስምሩ፦ ድርጊቱን (መመልመል፣ ማጓጓዝ፣ ማስጠለል)፣ መንገዱን (ማስገደድ፣ ማታለል)፣ ዓላማውን (ብዝበዛ)። ተጎጂው ልጅ ከሆነ መንገዱን ማስረዳት አያስፈልግም። የ14 ዓመት ልጅ ከጅማ ገጠር አዲስ አበባ ተወስዳ ጉልበቷ ሲበዘበዝ፣ «እሺ ብላ ነው የሄደችው» መከላከያ አይሆንም። ይህቺን ነጥብ በደንብ ያዙልኝ። ድንበር ማሻገር ግን ሌላ ወንጀል ነው፤ አታቀላቅሉት።

ጤናውንም አትርሱ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና አገልግሎት እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያዛል። ከአዋጁ የተጎጂዎች ጥበቃ ክፍል ጋር ጎን ለጎን አንብቡትና ጠይቁ፦ ከስደት የተመለሰችን ልጅ ማን ያክማል? ወጪውስ የማን ነው? ለእኔ ጥሩ የጥናት ርዕስ ማለት ይህ ነው።

የሰበር ውሳኔዎችን (መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን የሚያርመው ችሎት የሚሰጣቸውን) በመጨረሻ ፈልጉ። ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የተሰጠ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም የጅማን ፍርድ ቤቶችም ያስገድዳል።