ኮርስን በጨዋታ ስልት መምራት፦ ከነጥብ አሰጣጥ እስከ ደረጃ ሰንጠረዥ

የጨዋታን ስልት ወደ ከፍተኛ ትምህርት የማምጣት ሥራ (ጌሚፊኬሽን የሚሉት) ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና ከጅምሩ ነው። መምህሩ በቅድሚያ መተግበሪያ ይመርጣል፤ ቀጥሎ ባጅ (ለተሠራ ሥራ የሚሰጥ የሽልማት ምልክት) ያዘጋጃል፤ ተማሪው ምን እንዲያደርግለት እንደሚፈልግ የሚያስበው በመጨረሻ ነው። ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት።

ተማሪዎችዎ አሁን የማያደርጉትን፣ ቢያደርጉት ግን የሚጠቅማቸውን አንድ ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «እንዲነቃቁ» አይበቃም። «የተሳሳቱትን ጥያቄ ተመልሰው እንዲሠሩ» ግን ሊሠራበት ይችላል።

ቀጥሎ ነጥቡን ከዜሮ ያስጀምሩ። በተለመደው አሠራር ተማሪው ሴሚስተሩን ከመቶ ጀምሮ በየፈተናው እየተቀነሰበት እንደሚሄድ ይሰማዋል። እዚህ ግን ይሰበስባል። ለምሳሌ 10 አጫጭር ፈተናዎች እያንዳንዳቸው በ30 ነጥብ፣ 4 የቤት ሥራዎች እያንዳንዳቸው በ100፣ የቡድን ፕሮጀክት በ300 ቢያዙ 1000 ይሞላል። በዚህ ላይ በምርጫ የሚሠሩ የ200 ነጥብ ተግባራት ይጨምሩ፤ ሙሉ ውጤት ግን 1000 ይሁን። አንድ ፈተና ያመለጠው ተማሪ በሌላ መንገድ ይደርሳል ማለት ነው። አጫጭሮቹን ፈተናዎች እስከ ሦስት ጊዜ ይፍቀዱና ከፍተኛውን ውጤት ይያዙ፤ በየሙከራው ግን ጥያቄው ይለዋወጥ። ጨዋታ ሰውን ከወንበሩ የማያስነሣው ከሽልማቱ ይልቅ ተሸንፎ እንደገና መጀመር ስለሚቻል ነው፤ ይህን ትቶ ባጅ ብቻ የወሰደ መምህር ፍሬውን ጥሎ ልጣጩን ይዟል።

ለብዛት ነጥብ አይስጡ። በውይይት መድረክ ላይ ለሚጻፍ አስተያየት ሁሉ ነጥብ ከሰጡ የሚያገኙት «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እኔም እስማማለሁ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ነው። ነጥብ የሚገባው እንዲህ ላለው ነው፦ «ሁለተኛው ስሌት ላይ በ40 ሳይሆን በ39 መካፈል ነበረበት፤ የያዝነው ናሙና እንጂ ጠቅላላው ሕዝብ አይደለም።» ቦታውን ጠቁሟል፣ እርማቱን ሰጥቷል፣ ምክንያቱንም አስቀምጧል። እነዚህን ሦስቱን መስፈርት አድርገው አስቀድመው ያሳውቁ።

አስቸጋሪው የደረጃ ሰንጠረዥ ነው። ሁሉም መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው፤ የሚጎዳውም እሱ ነው። ማይክል ሃነስና ጄሲ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት አንድን ኮርስ በሁለት ክፍል ለ16 ሳምንታት ተከታትለዋል። ባጅና የደረጃ ሰንጠረዥ የነበረው ክፍል ተማሪዎች ተነሣሽነታቸውም እርካታቸውም ከሌላው ክፍል ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ የማጠቃለያ ፈተና ውጤታቸውም እንዲሁ።

ምክንያቱን ለመገመት አያዳግትም። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ሰንጠረዡ የሚያስደስተው ከላይ ያሉትን ጥቂቶች ነው፤ እነሱ ደግሞ ድሮም ማንም ሳይገፋፋቸው የሚያጠኑ ናቸው። 47ኛ የወጣው ተማሪ በሦስተኛው ሳምንት ከላዮቹ ላይ እንደማይደርስ ያውቀዋል። ሰንጠረዡ በየሳምንቱ ይህንኑ ከማስታወስ ሌላ የሚነግረው ነገር የለም።

ሰንጠረዥ የግድ ካስፈለገ ይከፋፍሉት። ለእያንዳንዱ ተማሪ ከእሱ በላይና በታች ያሉትን ሦስት ሦስት ሰዎች ብቻ ማሳየት ይቻላል፤ በስም ፈንታም የብዕር ስም ይጠቀሙ፤ የሰው ውጤት የአደባባይ ማስታወቂያ አይደለም። እኔ የምመርጠው ግን የቡድን ሰንጠረዥን ነው፦ አራት ወይም አምስት አባላት ያሉት ቡድን፣ በየሳምንቱ ከዜሮ የሚጀምር። ባለፈው ሳምንት የመጨረሻውን ደረጃ የያዘ ቡድን ሰኞ ዕለት ከሁሉም እኩል ይነሣል። የኮርሱ ግሬድ ግን ከዚህ ጋር ፈጽሞ አይገናኝ፤ የአንዱ ማግኘት የሌላው ማጣት ከሆነ ተማሪዎች መረዳዳት ያቆማሉ።

መሣሪያን በተመለከተ ለመጀመሪያው ሴሚስተር ተራ የስሌት ሠንጠረዥ ይበቃል። ሙድል (የኮርስ ማስተዳደሪያ የኢንተርኔት ሥርዓት) ያላቸው ተቋማት አንዱ ክፍል ሳያልቅ ቀጣዩ እንዳይከፈት ማድረግ ይችላሉ፤ ተጨማሪ መተግበሪያ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ካሁት የተባለው የጥያቄና መልስ ውድድር መተግበሪያ ለአምስት ደቂቃ ክለሳ ግሩም ነው፤ ነገር ግን ቶሎ ለመለሰ ብዙ ነጥብ ስለሚሰጥ ረጋ ብሎ የሚያስበውን ይቀጣል። ስሌት የሚጠይቅ ጥያቄ ከሆነ ሰዓቱን ያርዝሙ።

ወደ መምህራን ስንመጣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የሚከጅለው እነሱንም ደረጃ ለማስያዝ ነው። አይሞክሩት። በተጫነ ፋይል ብዛት ነጥብ ከተሰጠ አንድ ምዕራፍ አሥር ቦታ ተቆራርጦ ይጫናል። የሚሻለው በፈቃደኝነት የሚገቡበት የጋራ ተልእኮ ነው፦ በሴሚስተሩ ውስጥ አንድ ጊዜ የባልደረባን ክፍል ገብቶ ማየት፣ አንድ ሌክቸርን በመልመጃ መተካት፣ የታየውን በግማሽ ገጽ መጻፍ። የሚለጠፈው የትምህርት ክፍሉ ድምር እንጂ የግለሰብ ነጥብ አይሁን። ለሽልማት ከምስክር ወረቀት ይልቅ ጊዜ ይስጧቸው፤ ከአንድ ኮሚቴ ነፃ መሆንን የሚጠላ መምህር አላየሁም። ከዓመታዊ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ጋር ግን አያያይዙት፤ የተያያዘ ዕለት አንድ ተጨማሪ የሚሞላ ቅጽ ሆኖ ይቀራል።

በአራተኛው ሳምንት መዝገቡን ይክፈቱ። ፈተናውን ደግመው የሞከሩት እነማን ናቸው? መካከለኛዎቹ ተማሪዎች እየተንቀሳቀሱ ነው ወይስ ነጥብ የሚሰበስቡት ያው የተለመዱት ናቸው? ያው ከሆኑ ደንቡን በግልጽ አሳውቀው ያሻሽሉ፤ እስከዚያ ቀን የተሰበሰበው ነጥብ ግን ከማንም ላይ አይነሣ።