የድምፃዊን መለያ የሚይዝ የአልበም ሽፋን አሠራር

በሐዋሳ ለድምፃዊ ሽፋን የሚሠራ ዲዛይነር የሚሰማው ትእዛዝ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ሐይቁ ይግባ፣ ፎቶው ጎላ ይበል፣ ስሙ በወርቅማ ቀለም ይጻፍ።» እንዲህ የተሠራ ሽፋን ላያስጠላ ይችላል፤ ችግሩ የማንም ሊሆን መቻሉ ነው። ስሙን ሸፍነው ቢያሳዩት የማን ሥራ እንደሆነ የሚለይ አይገኝም።

ስለዚህ ፎቶሾፕ ከመከፈቱ በፊት አንድ ውሳኔ ይቅደም፦ ከሽፋን ወደ ሽፋን የማይለወጠው ምንድን ነው? የስሙ አጻጻፍና የሚቀመጥበት ቦታ፣ ሁለት ቀለሞች፣ ፊት የሚታይበት መንገድ (ፊት ለፊት፣ በጎን፣ ወይም ጭራሽ አለመታየቱ) ቋሚ ይሁኑ። ምስሉ፣ ድባቡና ሦስተኛው ቀለም እንደ ዘፈኑ ይለዋወጡ። ሁሉም ነገር ከተደጋገመ አድማጭ አዲስ ሥራ መውጣቱን አያስተውልም፤ ሁሉም ከተለዋወጠ ደግሞ አምስት ነጠላ ዜማ የአምስት ሰው ይመስላል።

ከድምፁ ወደ ምስሉ

ሚክሳቸው ያለቀ ቢያንስ ሦስት ዘፈኖች ይደመጡ። ግጥሙን ብቻ ተከትሎ መሥራት ያሳስታል፤ ስለ ለቅሶ የሚያወራ ዘፈን ቅንብሩ የጭፈራ ሊሆን ይችላል። አንድ ድምፅና ክራር ብቻ ያለበት ሥራ ባዶ ቦታ የበዛበት፣ አንድ ነገር ብቻ የያዘ ሽፋን ይፈልጋል። ከበሮው፣ ጊታሩና ተቀባዩ የሚሻሙበት ሥራ ግን ጥለትና ጠንካራ ቀለም ይሸከማል። ድምፃዊው ስለ ሥራው ሲጠየቅ «ፍቅር»፣ «ባህላዊ»፣ «ዘመናዊ» ቢል አይበቃም፤ እነዚህን ካሜራ አያነሣቸውም። «ማታ»፣ «እርጥብ»፣ «ችኩል» የሚሉ መልሶች ግን ወዲያው ወደ ብርሃን፣ ወደ ቁስና ወደ ቀለም ይመራሉ።

ቀለሙን ከስክሪን ከመምረጥ ከቁስ መውሰድ ይሻላል። ለምሳሌ በሲዳማ ጓሮ ያለ የእንሰት ቅጠል በጥላ ውስጥ ፎቶ ይነሣ፤ ከቅጠሉ አረንጓዴ፣ በአንዳንድ ዝርያዎች ላይ ከሚታየው ቀላ ያለ የቅጠል አከርካሪ ደግሞ ሌላ ቀለም ይወሰድ። ቀለሙን በኮምፒውተር የሚለየው ባለ ስድስት ቁምፊ ኮድ ለሁለቱም ተጽፎ ይቀመጥ። «ያው አረንጓዴ ነው» ተብሎ በዓይን ከተገመተ ሦስተኛው ሽፋን ላይ ሲደረስ ቀለሙ ሌላ ሆኗል።

ሐይቁ የግድ ይግባ ከተባለ ሰዓቱ ይታሰብበት። ከተማዋ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነች፣ ሐይቁን ከኋላው አድርጎ የቆመ ሰው ጠዋት ብርሃኑ ፊቱ ላይ ያርፍለታል፤ ከ12፡30 እስከ 2፡00 ሰዓት ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው። አመሻሽ ላይ ፀሐይ በሐይቁ በኩል ስለምትጠልቅ ያው ሰው ጥቁር ጥላ ይሆናል፤ ፊቱ ገና ላልታወቀ ጀማሪ ይህ ኪሳራ ነው። አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ ላይ ጀልባና አባ ኮዳ ማንሣት ቀላል ነው፣ ቀላል በመሆኑም ሁሉም አንሥቶታል። በምትኩ የዓሣ መረቡን ቋጠሮ በጣም ቀርቦ ማንሣት ቦታውን ሳይጮህ ይናገራል። በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበውን የፍቼ ጫምባላላ በዓል ምስል መጠቀም የሚፈልግ ደግሞ ፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ያስፈቅድ፤ የሽማግሌዎችን ፊት ለጌጥ ብቻ ማስገባት ነውር ነው።

በስልክ የሚነሣ ከሆነ፣ ባለ 12 ሜጋፒክስል ካሜራ የሚሰጠው ምስል በግምት 4000 በ3000 ፒክስል ነው። ካሬ ሆኖ ሲቆረጥ ለሽፋን ልክ የሚፈለገው 3000 በ3000 ይወጣል እንጂ ትርፍ የለውም። ስለዚህ ዙም ሳይደረግ፣ የመጨረሻው ካሬ ታስቦ ይነሣ። ምስሉ በቴሌግራም ሲላክ በፋይልነት ይሁን፤ በፎቶነት ከተላከ ይጨመቅና በኋላ ሲጎላ ይደበዝዛል።

ፊደሉ

አብዛኛው ሽፋን የሚበላሸው እዚህ ነው። የግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ቅርጽ ስለሌለው ጉልበት የሚያገኘው ከውፍረትና ከመጠን ነው። በሶፍትዌር በግድ ማጋደል የፊደሉን እግር ያጣምማል። ከመጠን በላይ ማወፈርም ሌላ ችግር አለው፤ በሐ፣ በጠ እና በጨ እግሮች መካከል ያለው ክፍተት ይደፈናል። ማሳሳቱ ደግሞ የሱን፣ የቁን ቅጥያ ያጠፋዋል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ሽፋኑ ወደ 64 ፒክስል ይነስና ቀ ከቁ መለየቱ ይታይ። ካልተለየ ፎንቱ ይቀየር።

ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ለንግድ ሥራም በነፃ የሚፈቀዱ ናቸው። ይሁንና ፎንቱን እንዳለ ከመጠቀም ከስሙ ውስጥ አንድ ፊደል መርጦ እግሩን ማስረዘም ወይም ራሱን መቁረጥ ስሙን የድምፃዊው ብቻ ያደርገዋል። ድምፅ የሚለውጠው ቅጥያ ግን አይነካ፤ ከተነካ ስሙ ሌላ ይነበባል። ዓለም አቀፉን የፊደል ኮድ (ዩኒኮድ) ባልተከተሉ የቆዩ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደላት ዝርክርክ ይሆናል። ስለዚህ ከመላኩ በፊት ጽሑፉ ወደ ቅርጽ ይለወጥ፣ የሚታረመው ቅጂ ለብቻው ይቀመጥ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ምስልም ላይ የሚወጣው «ፊደል» አብዛኛውን ጊዜ ፊደል የሚመስል ጭረት ነውና ስሙ ሁልጊዜ በእጅ ይጻፍ።

ወርቃማ፣ የሚያበራና ጥላ ያለው ጽሑፍ እንዲቀር አጥብቀን እንመክራለን። በትልቅ ስክሪን ያስደስታል፣ በስልክ ላይ ግን ጠርዙ ተሟሙቶ አይነበብም።

የስሙ አጻጻፍ አንድ ይሁን። «ፀሐይ» ተብሎ የተጀመረ በሚቀጥለው ሽፋን «ጸሀይ» አይሁን። በላቲን ፊደል የሚመዘገበውም እንዲሁ፤ በሁለት አጻጻፍ የተላከ ስም ሁለት የአርቲስት ገጽ ሊከፍትና አድማጩን ለሁለት ሊከፍል ይችላል። ሽፋኑ ላይ ያለው ርእስም ዘፈኑን ወደ ስፖቲፋይና መሰል መተግበሪያዎች ለሚያደርሰው አከፋፋይ ከሚሞላው ርእስ ጋር አንድ መሆን አለበት።

መጠንና ማስረከብ

የካሴት ሽፋን ፊቱ 6.5 በ10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር፤ ቁመቱ የሚረዝም ስለሆነ ጉርድ ፎቶና ስም በደንብ ይይዝ ነበር። ያ ልማድ ዛሬም ካሬው ውስጥ በግድ ይገባል። ባጃጅ ውስጥ በፍላሽ የሚጫወት ዘፈን ሽፋኑ አይታይም፤ ሽፋኑ ከሰው ጋር የሚገናኘው ስልክ ላይ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር በምታህል ካሬ ነው።

ዋናው ፋይል 3000 በ3000 ፒክስል፣ ጄፒጂ ወይም ፒኤንጂ፣ በስክሪን ቀለም ማለትም በአርጂቢ ይሁን፤ ለማተሚያ ቤት ተብሎ በሲኤምዋይኬ የተቀመጠው ሲጫን ሊመለስ ወይም ቀለሙ ሊለወጥ ይችላል። ከዳር 150 ፒክስል ያህል ጽሑፍ አይግባበት። ለመገለጫ ሥዕል በክብ ሲቆረጥ አራቱ ማዕዘኖች ስለሚጠፉ ስሙ ማዕዘን ላይ ከሆነ የክቡ ቅጂ ለብቻው ይሠራ። ለዩቲዩብ 1280 በ720 የሆነ ሌላ ምስል ያስፈልጋል፤ ካሬውን ለጥጦ ማስገባት ፊትን ያሰፋል። የቪዲዮው ርዝመት በስተቀኝ ታች ስለሚጻፍ እዚያ ምንም አይቀመጥ።

ስልክ ቁጥር፣ የማኅበራዊ ገጽ አድራሻ፣ ዋጋ፣ የስፖቲፋይ ወይም የአፕል ሙዚክ ምልክት ያለበት ሽፋን ይመለሳል። እኛ ጋ በብዛት የሚያስመልሰው የስፖንሰር አርማ ነው። ስፖንሰሩ ቅር እንዳይለው አርማው የዩቲዩቡ ምስልና ባነሩ ላይ እንደሚወጣ ገና ውል ሲፈረም ይነገረው። ከፎቶግራፍ አንሺው ጋርም ምስሉ ለሽፋን፣ ለባነርና ለቲሸርት እንደሚውል በጽሑፍ ይፈራረሙ፤ ከጉግል የወረደ ፎቶ አይሞከር።

ሥራው ለአከፋፋዩ ከመውጫው ቀን 3 ሳምንት ቀድሞ ይላክ። ሽፋኑ ቢመለስ ለማረም ጊዜ ይኖራል፤ ለስፖቲፋይ አዘጋጆች ዘፈን ለማቅረብም ቢያንስ 7 ቀን ያስፈልጋል።