ማሞቂያ ለብርድ ወራት ሲዘጋጅ፦ በየዓመቱ የማያቸው ስህተቶች

በዓመት አንድ ቀን ስልኬ ዕረፍት ያጣል፤ የመጀመሪያው ብርቱ ብርድ የገባበት ጠዋት። ሁሉም ማሞቂያውን የሚያስነሳው ያን ዕለት ነው፤ ያልተነሳለት ሁሉ ደግሞ ይደውላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ስህተት ያን ቀን መጠበቅ ነው። ብርዱ ሊገባ አንድ ወር ያህል ሲቀረው፣ ገና በሸሚዝ ሳሉ፣ ማሞቂያውን ለአንድ ሰዓት አስነስተው ራዲያተሮቹን፣ ማለትም ሙቅ ውኃ እየዞረባቸው ክፍሉን የሚያሞቁትን ብረቶች፣ አንድ በአንድ በእጅዎ ይዳስሱ።

ዳስሰው ቀዝቃዛ ቦታ ያገኙ ሰዎች ደግሞ ወዲያው አየር ለማስወጣት ይሮጣሉ። ቅዝቃዜው ሁሉ አንድ በሽታ አይደለም። ላዩ ቀዝቅዞ ታቹ ከሞቀ፣ አዎ፣ አየር ገብቶበታል። ላዩ ሞቆ ታቹ ከቀዘቀዘ ግን ደለል ተኝቶበታል፤ መታጠብ አለበት። ሌሎቹ ሞቀው አንዱ ብቻ ድፍን ብሎ ከቀዘቀዘ ቫልቩን፣ የራዲያተሩን የውኃ መክፈቻና መዝጊያ፣ ይጠርጥሩ። የሙቀቱን ወራት ተዘግቶ ሲቆይ ውስጡ ያለችው ቀጭን ዘንግ ተጣብቃ ትቀራለች። ቫልቩ ላይ ያለውን የቴርሞስታት (የሙቀት መቆጣጠሪያ) ራስ ፈትተው ዘንጓን በእንጨት ቁራጭ ቀስ እያሉ ጫን፣ ለቀቅ ያድርጓት። በፒንሳ አይጎትቷት፤ ዘንጓ ተነቅላ ወለሉ በውኃ የተጥለቀለቀበት ቤት ተጠርቼ ሄጃለሁ።

አየር ማስወጣት ራሱ ቀላል ሥራ ነው፤ ውኃው ትኩስ ሆኖ ፓምፑ እየሠራ ካልተሞከረ። ይህን ከራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት። ሥራውን በጀመርኩበት ዓመት፣ ለመፍጠን ብዬ፣ የጋለ ራዲያተር የአየር ማስወጫ ብሎን ፈታሁ፤ ያውም ሙሉ በሙሉ። ብሎኗ ከእጄ ወድቃ ከሶፋው ሥር ገባች፣ ጥቁር ውኃ ነጩ መጋረጃ ላይ ተረጨ፣ እኔም አውራ ጣቴን ቀዳዳው ላይ ደፍኜ እየተቃጠልኩ የቤቱን ባለቤት ተጣራሁ። ማሞቂያውን አጥፍተው ይቀዝቅዝ፤ ከሥሩ ጨርቅ ይዘው ብሎኗን ሩብ ዙር ያህል ብቻ ይፍቱ። አየሩ ሽ ብሎ ይወጣል፣ ከዚያ ይንተፋተፋል፤ ውኃ ብቻ መውረድ ሲጀምር ይዝጉት።

አሁን ትዕግሥቴን ወደሚያስጨርሰኝ ልምጣ፤ ውኃ መሙላት። አየር ከወጣ በኋላ ግፊቱ ስለሚወርድ ትንሽ ውኃ መጨመር ተገቢ ነው። አብዛኞቹ የቤት ቦይለሮች፣ ማለትም ውኃውን የሚያሞቁት መሣሪያዎች፣ ሲቀዘቅዙ ከ1 እስከ 1.5 ባር ግፊት ይበቃቸዋል። በየሳምንቱ መጨመር ግን ሌላ ነገር ነው። በዝግ ቧንቧ የሚዞር ውኃ ነው፤ ከጎደለ የሆነ ቦታ ፈስሷል! የት እንደፈሰሰ ሳይጠይቁ መሙላት ደግሞ ከመፍሰሱ የባሰ ጉዳት አለው፤ አዲስ ውኃ በገባ ቁጥር አዲስ ኦክስጅን ይዞ ይገባል፣ ኦክስጅኑ ብረቱን ይበላል፣ የተበላው ብረት ጥቁር ደለል ሆኖ ራዲያተሩንና ፓምፑን ይደፍናል።

አንድ አዛውንት ደንበኛ ነበሩኝ። ዘወትር እሑድ ጠዋት ውኃ ይሞላሉ፤ ቀኑንም በደብተር ይመዘግባሉ። «ልጄ፣ እንደ አበባ ነው የምንከባከበው» አሉኝ ኩራት እየተሰማቸው። ከሶፋው ጀርባ ያለውን ራዲያተር የታችኛውን ጠርዝ በጣቴ ጫን ሳደርገው ቀለሙ ተላቆ ዝገት እጄ ላይ ቀረ። ቦይለሩን አስነስቼ የግፊት መለኪያውን ተመለከትኩ። ውኃው እየሞቀ ሲሄድ መርፌው ከ1 ተነስቶ 3 ባር ደረሰ። በዚህ ጊዜ የደኅንነት ቫልቩ ተከፍቶ ውኃውን ማንም ዞሮ በማያየው ግድግዳ በኩል ወደ ውጭ ተፋው። ሲቀዘቅዝ መርፌው ዜሮ አጠገብ ነበር። ውኃው ሲሞቅ የሚለጠጥበት ጋን አየሩ አልቆበት ኖሯል። የውኃውን ግፊት አውርጄ ጋኑን በብስክሌት መንፊያ ነፋሁት፤ በዚያው ተስተካከለ። በጋኑ ውስጥ አየሩን ከውኃው የሚለየው የጎማ ሽፋን ተቀድዶ ቢሆን ኖሮ ጋኑን መለወጥ ነበረብን። ራዲያተሩን ግን ማዳን አልተቻለም። አዛውንቱን ለመቆጣት አፌ አልተፈታም፤ ደብተራቸው እኮ ከእኔ መዝገብ የተሻለ ነበር።

ቤቱ ቶሎ እንዲሞቅ የክፍሉን ቴርሞስታት 30 ዲግሪ ላይ ማድረግ ብዙ ጊዜ አያፈጥነውም፤ የት ላይ እንደሚቆም ነው የሚለውጠው። በሞቀ አየር የሚሠራ ማሞቂያ ያላቸው ማጣሪያውን ይለውጡ። ረጅም መጋረጃ ራዲያተሩን ከሸፈነው ሙቀቱ የሚሄደው ወደ መስኮቱ ነው።

ብርድ አስገባ ብለው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ በጨርቅ ወይም በፕላስቲክ የሚወትፉ ሰዎችን ግን በዝምታ አላልፍም። ጋዝ፣ ናፍጣ፣ እንጨት ወይም ከሰል የሚነድበት ቤት አየር ካጣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይሞላበታል። ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። አንድ ጊዜ ቀዳዳው ክፍት ሆኖ የጭስ ማውጫውን የዘጋው የወፍ ጎጆ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ለዚህ ነው ማውጫው በየዓመቱ መታየት ያለበት። የሁልጊዜው ሰማያዊ የጋዝ ነበልባል ቢጫ ከሆነ ወይም ጥላሸት ካዩ ያጥፉና ባለሙያ ይጥሩ። ይህ ጋዝ ሲኖር የሚጮኸው የማስጠንቀቂያ መሣሪያ በጀርባው የተጻፈ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን አለው። ቁልፉን ሲጫኑት ስለጮኸ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም፤ ጩኸቱ የውስጡ መዳሰሻ አለማርጀቱን አይነግርዎትም።

እንጨት የሚያነዱም ብዙ ጊዜ እርጥብ እንጨት ያነዳሉ። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ካልሆነ ሙቀቱ ውኃ በማትነን ያልቃል፤ ጭሱም በማውጫው ግድግዳ ላይ እንደ ሬንጅ ይጋገርና አንድ ቀን ራሱ በእሳት ይያያዛል።

የመጨረሻው፣ ለጉዞ ሲወጡ ማሞቂያውን ጭራሽ ማጥፋት ነው። ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ቧንቧው ይሰነጠቃል፤ የሚያፈሰው ግን በረዶው ሲቀልጥ፣ ምናልባትም እርስዎ ከመመለስዎ በፊት ነው። 10 ወይም 12 ዲግሪ ላይ ትተውት ይሂዱ። ከመሄድዎ በፊት ዋናውን የውኃ መዝጊያ በእጅዎ ያዙሩት። አልዞር ካለ በመፍቻ አይታገሉት፤ ከጉዞው በፊት ያሠሩት።